በደል ሳይኖር ዕዳ ይኖራልን?

የበደለ እንዲክስ፣ የሰረቀ እንዲመልስ፣ የሰደበ ይቅርታ እንዲጠይቅ ሁሉም ያውቃል፤ በዚህ ነገር ከሊቅ እስከ ደቂቅ የሚከራከር የለም። ክርክር የሚነሣው በሌላ ነው። ይኸውም ክፉ ያላሰበ፣ በእጁም ክፉ ያልሠራ ሰው፣ ነገር ግን በቤቱና በሥራው ላይ ሌላ ሰው የተጎዳበት እንደ ሆነ፣ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ለተጎዳው ገንዘብ ቢሰጥ ምጽዋት አደረገ ይባላል ወይስ ዕዳውን ከፈለ? ምጽዋት ከሆነ ቢተወው ማንም አይከሰውም፤ ቢያደርገውም ምስጋና ይገባዋል። ዕዳ ከሆነ ግን ባይከፍል በደለኛ ነው፤ ቢከፍልም የሚመሰገንበት ምክንያት የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ መስሎ የሚታየው ላልተጎዳ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከምግብ ቤት ማድቤት ነው። የምጽፈውም በንስሐ የሰማሁትን አይደለም፤ በሽማግሌ ፊት በአደባባይ የታየ ነገር ነው፤ ሁለቱም ወገኖች እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ግን አላነሣም።

በምንኖርበት ከተማ አንዲት ወይዘሮ ምግብ ቤት አሏቸው። ቤቱን ያቆሙት ከማንም ወርሰው አይደለም፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ እንጀራ እየጋገሩ በየሱቁ ሸጠው፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ጨምረው ነው። ጾም የማይሽሩ፣ የወር ዝክራቸውን የማያጓድሉ፣ ለነዳያን የሚራሩ ሰው ናቸው። በዐቢይ ጾም በምኩራብ ሳምንት ዐርብ ዕለት፣ በቤታቸው የምትሠራ የሃያ ዓመት ልጅ ሳምቡሳ የተጠበሰበትን የጋለ ዘይት ከምድጃ አውርዳ ወደ ጓሮ ስትወስድ፣ ዕቃ አጣቢው ልጅ ወለሉን በሳሙና ውኃ አጥቦ ሳያደርቀው ትቶት ኖሮ፣ እግሯን አዳልጧት ወደቀች። ዘይቱም ከቀኝ ክርኗ እስከ ጣቶቿ ወረደባት። በሆስፒታል ከጭኗ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈላት፤ ስድስት ወር ያህል ከሥራ ውላ ቁስሉ ዳነ። ሦስት ጣቶቿ ግን እንደ ታጠፉ ቀሩ። ሊጥ ለማቡካት፣ ቢላዋ ለመያዝ፣ ድስት ለማንሣት አልቻለችም።

ወይዘሮዋ የሕክምናውን ዋጋ ከፈሉ፤ የአንድ ወር ደመወዟንም ሰጡ። ከዚያ በኋላ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። ወንድሟ ከገጠር መጥቶ በደጃፋቸው ጮኸ፤ ነገሩ ወደ ጠብ ሲያዘነብል ሽማግሌዎች ተጠራን። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርሁ፤ በካህንነቴም ነገሩን የምመራው እኔ ሆንሁ።

ወይዘሮዋ ያቀረቡት ክርክር ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ልጅቱ ነጠላ ጫማ አድርጋ ነበር፤ ሸፋን ጫማ ብታደርግ ባልወደቀች ነበር አሉ። ሁለተኛ፣ ወለሉን ያረጠበው ዕቃ አጣቢው እንጂ እኔ አይደለሁም አሉ። ሦስተኛ፣ ማድቤት እሳትና የፈላ ነገር የማይለየው ቦታ መሆኑን እያወቀች ገባች፤ ደመወዝም የተከፈላት ለዚሁ ነው አሉ። በመጨረሻም እያለቀሱ፣ «አባቴ፣ እኔ ምን በደልሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ልቅሶው የማስመሰል አልነበረም። እኔም በልቤ መርምሬ በደል አጣሁባቸው፤ በደል ስላጣሁባቸውም ዕዳ የለባቸውም አልሁ። ሦስት ሺሕ ብር በርኅራኄ እንዲሰጧት ለመንናቸው፤ ሰጡ። ልጅቱን፣ «ልጄ፣ ከእግዚአብሔር የመጣ ነው፤ የሰጡሽን በምስጋና ተቀበዪ፤ ቂም አትያዢ» አልኋት። «እሺ አባ» አለችና በግራ እጇ ተቀበለች። ተሳሳሙ፤ እኛም መርቀን፣ በዚያው ቤት ምሳ በልተን ተለያየን። ዕቃ አጣቢው ልጅ ከሥራ የተባረረው በዚያው የመከራ ሳምንት ነበር፤ ለእርሱ ሽማግሌ የጠራለት ሰው አልነበረም።

ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ በኋላ፣ በደብራችን የሚያገለግል ሕግ የተማረ ዲያቆን ይህን ታሪክ ከእኔው አፍ ሰምቶ ጥቂት ዝም አለና፣ «አባታችን፣ ዐዋጁን አይተውት ያውቃሉን?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። በቅኔ ቤትና በትርጓሜ ቤት የወጣትነቴን ዘመን ፈጅቼ፣ ስለ ሰማርያ ሰውና ስለ ቍስለኛው ስንት ጊዜ ያስተማርሁ ሰው፣ በአገሬ የቈሰለ ሠራተኛ ምን እንደሚገባው የሚናገረውን ጥቂት ገጽ አንብቤው አላውቅም ነበር። የዕለቱን ዕለት አነበብሁት።

ዐዋጁ ቁጥር 1156/2011 የሚባለው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ነው። ቃሉን በአጭሩ ብናገር እንዲህ ነው፤ ሠራተኛ በሥራው ላይ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ነገር ጉዳት ቢደርስበት፣ አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኀላፊ ነው። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ እንደ ሆነ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት ትእዛዝ መጣስ ወይም ሰክሮ ራሱን መግዛት ተስኖት ወደ ሥራ መግባት እንደዚሁ ይቈጠራል። ከዚህ በቀር ቸልታ፣ መርሳት፣ መቸኰል ካሳውን አያስቀሩም። አሠሪው የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜም እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከመቶ 75 የማያንስ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከመቶ 50 የማያንስ ይከፍላል። ጉዳቱ ቋሚ ሆኖ ሠራተኛው በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈ ከሆነ፣ ፈጽሞ መሥራት ለማይችል የአምስት ዓመት ደመወዝ ይከፈለዋል፤ በከፊል ለተጎዳም ሐኪሞች በሚወስኑት የጉዳት መጠን ልክ ከዚሁ ተካፍሎ ይሰጠዋል። ልጅቱ በጡረታ አልተመዘገበችም ነበርና ይህ ሁሉ በወይዘሮዋ ላይ የሚወድቅ ነበር።

ስለ ጫማውም ዐዋጁ መልስ አለው። ለሥራው የሚያስፈልገውን መከላከያ ልብስና ዕቃ ማቅረብ፣ አደጋውንም አስቀድሞ ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው። እንግዲህ በሽምግልናው ቀን «ለምን ሸፋን ጫማ አላደረገችም?» ብለን የጠየቅነው ጥያቄ፣ «ማን ገዝቶ ሰጣት?» በሚል ሌላ ጥያቄ መመለስ ነበረበት። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠን አንዳችንም ይህን አልጠየቅንም።

ከዚህ በኋላ የወይዘሮዋ ሦስት ክርክሮች ከየት እንደ መጡ ለማወቅ ፈለግሁ። እርሳቸው ከማንም አልተማሯቸውም፤ ከልባቸው አንቅተው ተናገሩ። ነገር ግን በሌላ አገር ታላላቅ ዳኞች ከእርሳቸው አስቀድመው እነዚሁኑ ተናግረዋቸዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተፈረደ ጉዳይ፣ አንድ የሥጋ ነጋዴ ሎሌ ከመጠን በላይ በተጫነ ሠረገላ ሲሄድ ሠረገላው ተሰብሮ ጭኑ ተሰበረ። በፍርድ ሸንጎ የተቀመጡት የአገር ሰዎች 100 ፓውንድ ይከፈለው ብለው ነበር፤ ሎርድ አቢንገር የተባለው ዳኛ ግን ሻረው። ምክንያቱን ሲናገር፣ ጌታ ለሎሌው እንዲህ ባለ ነገር የሚጠየቅ ከሆነ፣ ገረዲቱ እርጥብ አልጋ ብታነጥፍ፣ ወጥ ሠሪው የማድቤቱን የመዳብ ዕቃ በደንብ ባያጥብ ጌታው ሊጠየቅ ነው፤ ይህማ ማለቂያ የለውም የሚል ነበር። የማድቤትን ነገር ለማሳቂያ ምሳሌ አመጣው ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ በተፈረደ ጉዳይ፣ አንድ የባቡር ነጂ ሌላው ሠራተኛ ሐዲዱን በትክክል ሳያዞር በመቅረቱ ቀኝ እጁ ተቀጠቀጠ። ሊሙኤል ሾው የተባለው ዳኛም፣ ሠራተኛ ሲቀጠር አደጋውን ዐውቆ ተቀብሏል፣ ደመወዙም የአደጋውን ዋጋ ጨምሮ የያዘ ነው ብሎ ካሳ ነሣው። እንግዲህ «ራሷ አጠፋች፣ ጓደኛዋ አጠፋ፣ ዐውቃ ገባች» የሚሉት ሦስቱ ቃላት በእነዚያ አገሮች የአሠሪዎች ምሽግ ሆነው ኖሩ፤ ምሽጉን ሰብሮ ካሳ የሚያገኝ ሠራተኛ ጥቂት ነበር።

ምሽጉን መጀመሪያ ያፈረሰችው ጀርመን ናት። በ1884 ዓ.ም. በቢስማርክ ጊዜ የወጣው ሕግ አሠሪዎች በማኅበር ሆነው መዋጮ እንዲያዋጡ፣ የተጎዳውም ሠራተኛ ማን አጠፋ ተብሎ ሳይጠየቅ ከዚያ እንዲከፈለው አደረገ። እንግሊዝ በ1897 ዓ.ም. ተከተለች። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ሕግ ስለ ባቡር፣ ስለ ፋብሪካና ስለ ማዕድን እንጂ ስለ ማድቤት አያወራም ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1906 ዓ.ም. ግን የቤት አገልጋዮች እንኳ ሳይቀሩ ገቡበት። ሎርድ አቢንገር ያሾፈባት ወጥ ሠሪ ሰባ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ መብቷን አገኘች ማለት ነው።

በኒው ዮርክ የሆነው ግን ለጥያቄያችን ይበልጥ የቀረበ ነው። በ1910 ዓ.ም. የወጣውን የካሳ ሕግ የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መጋቢት 24 ቀን 1911 ዓ.ም. አፈረሰው። ምክንያቱም የእኛው ጥያቄ ነው፤ ጥፋት የሌለበትን ሰው ገንዘብ ወስዶ ለሌላ መስጠት ቅሚያ ነው የሚል ነበር። በማግስቱ፣ መጋቢት 25 ቀን፣ በዚያው ክፍለ ግዛት ትራያንግል በሚባል የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ከመውጫዎቹ በሮች አንዱ ተቈልፎ ነበር። አንዱ ፍርድ ከአንዱ እሳት ጋር በአንድ ሌሊት ልዩነት መግጠሙን እንደ ተአምር ለመተርጐም አልደፍርም። ሰዎች ግን አዩት። ክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ሕጉን መለሰ፤ በ1917 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እንዲህ ያለው ሕግ ቅሚያ እንዳልሆነ ወሰነ።

አሁን ከዳኞች ወደ መጻሕፍት እንመለስ። ያለ በደል ዕዳ የለም የሚል ሰው የሙሴን ሕግ በጥንቃቄ ያንብብ። በዘፀአት ምዕራፍ 21 ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ቢመታና በአልጋ ቢውል፣ ኋላም በምርኵዝ ቢነሣ፣ መቺው ከሞት ፍርድ ይድናል፤ ነገር ግን ሥራ የፈታበትን ጊዜ ይክሳል፣ ማስታመሚያውንም ይከፍላል። ልብ እንበል፤ ከሦስት ሺሕ ዓመት በፊት የተጻፈው የዛሬውን ዐዋጅ ሁለት ክፍሎች፣ የሕክምናንና የቀረ ደመወዝን፣ ለይቶ ያውቃል። ይህ ግን ስለ መታ ሰው ነው፤ በደል አለበት የሚል ይኖራል። እሺ። በዚያው ምዕራፍ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው በሬ ቢገባበት ይከፍላል፤ በዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። እዚህ ላይ ደሙ የሚቈጠረው በገፋው ሰው ላይ አይደለም፤ የገፋው የለምና። የሚቈጠረው በቤቱ ላይ ነው። አባቶቻችን በትርጓሜ ቤት «በቤትህ ላይ» ሲል «በአንተ ላይ» ሲል ነው ብለው አስተምረውናል፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ እንደ ተጻፈ «በቤትህ» ብዬ ማንበብ እወዳለሁ። አደጋው በቤቱ አሠራር ውስጥ አለ፤ ቤቱ የማን ነው? ትርፉስ የማን ነው? ዕዳውም ትርፉን ተከትሎ ይሄዳል።

በዘሌዋውያንም ሳያውቅ የበደለ ሰው መሥዋዕት እንዲያቀርብ ታዟል። አላወቅሁም ማለት ቅጣቱን ያቀልለታል እንጂ መሥዋዕቱን አያስቀርለትም።

በቅንነት ለመነጋገር ግን ለወይዘሮዋ ሦስተኛ ክርክር የሚደግፍ የሚመስል አንድ ቃል በዚያው በኦሪት አለ፤ ዲያቆኑም ይህንኑ አንሥቶ ሞገተኝ። በዘፀአት ምዕራፍ 22 እንስሳ ተውሶ የሞተበት ሰው ባለቤቱ አብሮ ካልነበረ ይክፈል ይላል፤ ተከራይቶት ከሆነ ግን ጉዳቱ በኪራዩ ውስጥ ተቈጥሯል ይላል። እንግዲህ ሠራተኛይቱ ጕልበቷን ካከራየች፣ ጉዳቷ በኪራይዋ ማለትም በደመወዟ ውስጥ አልተቈጠረምን? ሾው የተባለው ዳኛ ያለውም ይኸው ነው።

ሦስት ቀን አሰብሁበት። መልሴ ይህ ነው። ያ ቃል ስለ በሬና ስለ አህያ ነው። በሬውን የሚያከራየው ባለቤት ሌላ ነው፤ የሚሞተው በሬው ሌላ ነው። ባለቤቱ ኪራዩን ሲዋዋል አሥር በሬ እንዳለው፣ አንዱ ቢሞት ዘጠኝ እንደሚቀረው አስልቶ መዋዋል ይችላል። ጕልበቷን የምታከራይ ልጅ ግን ባለቤቱም እርሷ ናት፣ በሬውም እርሷ ናት። ያላት ቀኝ እጅ አንድ ነው። ደግሞስ በእውነት የእጇ ዋጋ በደመወዟ ውስጥ ነበርን? በወር 2,000 ብር ነበር የሚከፈላት። ያን ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ስንከፍለው፣ እናቷ ዘንድ የምትልከውን ስናወጣ፣ ለእጇ መዋጃ የሚተርፍ ሳንቲም የት አለ? በውሉ ውስጥ ያልተጻፈውን፣ በገንዘቡም ውስጥ የማይገኘውን ነገር ተከፍሏታል ማለት የሌለውን እንዳለ መቍጠር ነው።

ከዚህ ላይ ቃሉን ራሱን እንይ። ካሳ ስንል በፍርድ ቤትም በቤተ ክርስቲያንም አንድ ቃል ነው። አዳም በደለ፤ ዕዳውንም መክፈል አልቻለም፤ የካሰው ግን በደል የሌለበት እርሱ ነው። ካሳን በበደለኛ ላይ ብቻ የሚወድቅ ነገር አድርጎ የሚያስብ ክርስቲያን የድኅነቱን ነገር እንዴት አድርጎ ያስተምራል? የዘይት መጥበሻን ከመስቀል ጋር ላስተካክል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ከእኔ ይራቅ። እርሱ የካሰው በፈቃዱና በፍቅሩ ነው፤ አሠሪ የሚከፍለው በሕግ ነው። ነገር ግን ያለ በደል መካስ ለጆሯችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው መሆኑን ለማሳሰብ ነው። እኔ ራሴ በሽምግልናው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዘንግቼው ነበርና።

ይቅርታንና ክፍያንም ማደባለቅ የለብንም። ይቅርታ ለበደል ነው፤ ክፍያ ለዕዳ ነው። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ባለበት ቀን መዳን ለቤቱ ሆነ፤ የተቀሙት ሰዎች ይቅር ይበሉኝና ገንዘባቸው በእኔ ዘንድ ይቈይ አላለም። እኛ ሽማግሌዎች ግን ብዙ ጊዜ የተጎዳውን ይቅር እንዲል እንለምነዋለን፤ ይቅር ባለም ጊዜ ዕዳው አብሮ የተሰረዘ ይመስለናል። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ስለ ምን ይከሳል ብሎ ገሥጿቸዋል፤ ይህን ቃል እኔም ለልጅቱ ወንድም ጠቅሼለታለሁ። ነገር ግን ሐዋርያው በዚያው ቦታ በወንድሞች መካከል ሊፈርድ የሚችል አንድ አስተዋይ ከመካከላችሁ የለምን ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ ሽምግልና ፍርድ ቤትን የሚተካው ሽማግሌው አስተዋይ ከሆነ ነው። የሚገባትን ሳያውቅ ለድኻይቱ «ተቀበዪ» የሚል ሽማግሌ አላስታረቀም፤ የባለጠጋውን ኪስ ጠበቀ እንጂ።

ሕጉ ራሱ የጎደለው ነገር አለ። ካሳው የሚሰላው በደመወዝ ነው፤ ደንበኞች የሚሰጡት የአገልግሎት ገንዘብ በዐዋጁ ከደመወዝ አይቈጠርም። በየምግብ ቤቱ የሚያስተናግዱ ልጆች ግን ብዙዎቹ የሚኖሩት ከደንበኛ በሚያገኟት ጉርሻ መሆኑን ሁላችንም በየዕለቱ እናያለን። ደመወዙ 1,500 ብር የሆነ፣ ከጉርሻ ግን የዚያን ሦስት እጥፍ የሚያገኝ አስተናጋጅ እግሩ ቢሰበር፣ ሕጉ የሚያየው 1,500ዋን ብቻ ነው። በመሥሪያ ወረቀት ላይ ስሙ የማይገኝ፣ በቃል ብቻ የተቀጠረ ዕቃ አጣቢም ውል አለው፤ የቃል ውል ውል ነውና፤ ነገር ግን ለማስረዳት ይቸገራል። በጢስ የታወረች እንጀራ ጋጋሪ ደግሞ ጉዳቷ በአንድ ቀን ስላልመጣ በሽታዋ ከሥራዋ የመጣ መሆኑን ለማሳየት ብዙ ትለፋለች። እንዲህ ባለው ስፍራ ከሕግ በላይ የሚደረገው ምጽዋት ነው፤ ምጽዋት ይባል፣ ይመስገንም። የሕጉ ያህል ሳይከፈል ግን ምጽዋት አይጀመርም።

በውጭ አገር ስለሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ቃል ልጨምር፤ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች አሉና። በዚያ ከተማና በሜሪላንድ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው አሠሪ እንኳ የሠራተኛ ካሳ መድን መግባት አለበት፤ በቨርጂኒያ ከሁለት በላይ ሠራተኛ ያለው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሠራተኛም በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ካሳ አይከለከልም። ሆኖም የተጎዳ ወንድም ለመድኑ እንዳያመለክት «የአገር ልጅ አሠሪውን አይከስም» ይባላል። መድን ባለበት አገር ካሳ መጠየቅ ክስ አይደለም፤ ለዚሁ ነገር በየዓመቱ የተከፈለውን ገንዘብ ማንሣት ነው። ያልተጎዳውን ተጎዳሁ የሚል ሐሰተኛም አይጠፋም፤ ያ ሌባ ነው፤ የሚሰርቀውም ከአሠሪው ይልቅ ከእርሱ በኋላ በእውነት ተጎድቶ ከሚመጣውና ከማይታመነው ወንድሙ ነው።

እኛስ? በየደብራችን በክብረ በዓል ቀን እንጀራ የሚጋግሩ፣ ጠላ የሚጠምቁ፣ ትልልቅ ድስት የሚያወርዱ እናቶች አሉ። አብዛኞቹ በበረከት እንጂ በደመወዝ አይሠሩም፤ ስለዚህ የተናገርሁት ሕግ አይደርስላቸውም። አንዲቷ ብትቃጠል ሰበካ ጉባኤው ምን እንደሚያደርግ የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ ያለው ደብር ካለ ብሰማ ደስ ይለኛል፤ በእኛ ደብር አልነበረም።

ወደ ወይዘሮዋ ተመልሼ ሄድሁ። ዐዋጁን ዘርግቼ አነበብሁላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «አባቴ፣ ያን ጊዜ ጨርሰሻል ብለው ባረኩኝ። ዛሬ ደግሞ አልጨረስሽም ይሉኛል። የትኛው ነው የእግዚአብሔር ቃል?» አሉኝ። በዕድሜዬ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልተጠየቅሁም። የመጀመሪያው የእኔ አለማወቅ ነበር ብዬ መለስሁላቸው።

ደግሞም ሌላ ነገር አነሡ፤ ሕግ የሚያውቅ ዘመድ ጠይቀው ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ክስ በአንድ ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ሰምተዋል። ጊዜው አልፏል፤ ማንም ዳኛ አያስከፍለኝም አሉ። ስለ ይርጋ የተናገሩት ልክ ነበር። ጊዜውን ያሳለፈው ደግሞ የእኛ ሽምግልና ነው፤ ልጅቱ ያላመለከተችው ነገሩ አልቋል ስላልናት ነውና። እንግዲህ ይርጋ ዕዳን ያጠፋልን? በዘዳግም ምዕራፍ 15 በሰባተኛው ዓመት ዕዳ እንዲተው የታዘዘውን አስታውሼ እኔም በልቤ ተጠራጥሬ ነበር። ነገር ግን ያ ምሕረት የተሠራው ለተበዳሪው ድኻ ነው፤ አበዳሪው እጁን እንዲያነሣለት። ጕልበት ያለው ከአካለ ስንኩል እጅ እንዲያመልጥ የተሠራ አይደለም። ይርጋ ምስክር ሳይሞት፣ ማስረጃ ሳይጠፋ ነገር እንዲቈረጥ የወጣ የዳኝነት ሥርዓት ነው፤ የሚዘጋው የፍርድ ቤቱን በር ነው። በእኛ ጉዳይ ምስክር አልሞተም፤ ማስረጃውም ልጅቱ ሻሽ ጠምጥማ የምትሸፍነው እጅ ነው።

ወይዘሮዋ ሳምንት አሰቡ። ከዚያም ልጅቱን ወደ ሐኪሞች ይዘን ሄድን፤ የጉዳቷ መጠን ከመቶ 25 ተባለ። ተቀምጠን አሰላን። የአምስት ዓመት ደመወዟ 120,000 ብር፣ ከዚህ ሩቡ 30,000 ብር። ከሥራ ከዋለችባቸው ስድስት ወራት ያልተከፈላት 8,500 ብር። ድምሩ 38,500 ብር፤ በሽምግልናው ቀን የተቀበለችው 3,000 ሲነሣ 35,500 ብር ቀረ። በርኅራኄ ስም ያሰጠናት ከሚገባት ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አልሞላም ነበር።

በየወሩ 1,500 ብር እንዲከፈል ተስማማን። ልጅቱ በዚያው ቤት በገንዘብ መቀበያው ተቀምጣ ለመሥራት ፈለገች፤ ተፈቀደላት፤ በግራ እጇ መጻፍ ለምዳለች። ለማድቤቱ ሠራተኞች የማያዳልጥ ሸፋን ጫማ ተገዛ፤ ወይዘሮዋም የሠራተኞች ካሳ መድን ገቡ። ዕቃ አጣቢውን ልጅ ፈልገን አላገኘነውም።

ከ1,500ው ውስጥ 300ው የእኔ ነው። ምጽዋት ቢሆን ኖሮ ግራ እጄም ባላወቀች ነበር፤ ዕዳ ስለ ሆነ ግን ብጽፈው ውዳሴ ከንቱ አይሆንብኝም። እስከዚህ ወር ድረስ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተከፍሏል።